ሲሞቅ የሚከዳው ጄል፦ የሥራ ማስታወሻ ከአምስት ኪሎ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ታናሽ ወንድሜ ሐሙስ ማታ ደወለ። የሚሠራው ባሕር ማዶ ነው፣ በረሃ ላይ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ጥገና ውስጥ። ድምፁ ደክሟል። «ጋሼ፣ አሸዋው እምቢ አለን» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጁ ከአለቱ ሲወጣ አሸዋ ይዞ ይመጣል። አሸዋው ጉድጓዱ ታች ይከማቻል። እየቆየ የነዳጁን መግቢያ ይደፍነዋል። ያኔ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቱቦው ውስጥ ጄል የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ይገፋል። ፈሳሹ ታች ደርሶ ይዞራል፤ አሸዋውን ተሸክሞ በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ላይ መመለስ አለበት። የወንድሜ ፈሳሽ ተመለሰ። አሸዋው ግን ቀረ። ፓምፑን ለ20 ደቂቃ አቁመው እንደገና ሊያስነሱ ሲሉ ቱቦው አልነቃነቅ አለ። አሸዋው ወርዶ ዙሪያውን ነክሶታል። ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

«ጄሉን ከመግፋታችን በፊት ለክተነዋል፤ ልክ እንደ ማር ነበር» አለኝ።

«የት ነው የለካችሁት?»

«እዚሁ ላይ፣ ታንኩ አጠገብ።»

«ታች ስንት ዲግሪ ነው?»

«መቶ ሠላሳ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የፈሳሽ መካኒክስ አስተማሪ ነኝ። የአሸዋ ፍሬ በፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ሞቅ ባለ ጄል ውስጥ ሲወርድ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ልሠራ ነው፤ ውስጡ የሚታይ፣ የሚሞቅ፣ አሸዋ ያለበት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልጻፍ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም። 130 አልደርስም። ግን የጄሉ ክህደት፣ ሲሞቅ መቅጠኑ፣ የሚጀምረው ከዚያ በጣም በታች ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትናንት ከሰዓት መርካቶ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲና የውሃ ማሞቂያ ሂተር አገኘሁ። ከቧንቧ ሠራተኞች ባለ 20 ሚሊሜትር የፒፒአር ቱቦ ገዛሁ፤ ሙቅ ውሃ የሚችለውን። ፒያሳ አካባቢ ታፔላ የሚሠሩ ልጆች የፕሌክሲግላስ ቱቦ ቆረጡልኝ። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር ነው። የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ደግሞ ባለ 1 ሊትር የመስታወት ሲሊንደር ወሰድኩ። ዋጋው አሳመመኝ፣ ግን ያለ እሱ አይሆንም።

አሸዋው ከጎረቤት ነው። ቤት አድሰው የተረፋቸው፣ ከስምጥ ሸለቆ በኩል የሚመጣው የግንባታ አሸዋ። ስድስት ጊዜ አጠብኩት። ውሃ ሲነካው ግማሹ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ፤ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው። ያንን ቀድቼ ደፋሁት። እውነተኛ የጉድጓድ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ከውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል። ቀላሉ ድንጋይ ከቀረ ልኬቴ ሁሉ ይሳሳታል።

ከዚያ በቀጭን ወንፊት ነፋሁ። የፍሬውን መጠን ለማወቅ ጥቁር ጨርቅ አነጠፍኩ፤ በመርፌ ጫፍ 20 ፍሬ አንድ በአንድ አሰለፍኩ። ማስመሪያ አስጠጋሁ። 20ው ፍሬ 10 ሚሊሜትር ሞላ። አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው። አንዳንዱ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። አንዳንዱ እንደ ቆሎ ቡናማ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ንጹሕ ውሃ። ሲሊንደሩን ሞላሁት፣ ከላይ አሸዋ በቁንጥጫ ጣልኩ፣ በስልክ ቀረጽኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 40 ሴንቲሜትሩን በ6 ሰከንድ ገደማ ወረደ። ውሃውን 88 ዲግሪ አድርሼ ደገምኩት። 4 ሰከንድ ተኩል። ውሃ በዚህ ሙቀት ቅጥነቱ የቀዝቃዛውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የአሸዋው ፍጥነት ግን ሦስት እጥፍ አልሆነም፣ በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ጨመረ። ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል ፍሬ ሲወርድ የሚታገለው ከውሃው ማጣበቅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ገፍቶ መንገድ መክፈት አለበት። ዱቄት የመሰለ ደቃቅ አሸዋ ቢሆን ኖሮ ሦስት እጥፉን አየው ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዛንታን ጋም። ከባክቴሪያ የሚገኝ ዱቄት ነው። ኬክ ቤቶችና ግሉተን የሌለው ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። የወንድሜም ጄል ይኸው ነው፣ ስሙ በከረጢቱ ላይ ቢለያይም። ለ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም መዘንኩ።

የመጀመሪያው ተበላሸ። ዱቄቱን ውሃው ላይ በተንኩትና ጓጎለ። ውጪው ሙጫ ሆነ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ቀረ። እማዬ በር ላይ ቆማ አየችው። «ገንፎ እንደዚህ ይገነፋል እንዴ?» አለችና ገባች። ነገሩ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ዱቄቱን በሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ለወስኩ፤ ከዚያ ውሃውን በመምቻ እየመታሁ በቀጭኑ አፈሰስኩበት። አንድም ጓል የለም። ነዳጅ መስኩ ላይም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ዱቄቱን አስቀድመው በዘይት መሰል ፈሳሽ በጥብጠው ያዘጋጁታል።

ሁለት ሰዓት አሳረፍኩት። አሸዋ ጣልኩ። ፍሬዎቹ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ገብተው ቆሙ። ቀጥ ብለው። የነካቸው የለም፣ ግን አይወርዱም። ከመካከላቸው አንዲት ቡናማ ፍሬ መረጥኩና በመስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ጠዋት ሳየው ቡናማዋ ፍሬ ምልክቱ ላይ ናት። አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ።

አሁን ሙቀት። ሲሊንደሩን በትልቅ ድስት ውሃ ውስጥ አቆምኩት፤ ቀጥታ እሳት መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ጄሉን የሠራሁበት ውሃ የባትሪ ውሃ ነው፣ ማለትም የተጣራ፣ ጨው የሌለበት። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ወንድሜም በቦቴ ጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨዋማ ያልሆነ፣ እንደሚያመጡ ነግሮኛል።

40 ዲግሪ። ምንም። 45። ምንም። 50ን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ፍሬዎቹ መንሸራተት ጀመሩ። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ቡናማዋ ፍሬ ምልክቷን ለቀቀች። እንደሰከረ ሰው ወደ ጎን ዘንበል እያለች ወረደች። 88 ላይ አዲስ አሸዋ ስጨምር ከላይ እስከ ታች ለመድረስ 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀበት። ሌሊቱን ሙሉ የያዘ ጄል ነው ይህ።

ከዚያ ሲሊንደሩን አውጥቼ አቀዘቀዝኩት። ተመልሶ ወፈረ። አዲስ አሸዋ ጣልኩ፣ ያዘ።

እዚህ ላይ ተነሥቼ ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ወንድሜ ያየው ይህንኑ ነው። ጄሉ ሲገባ ወፍራም ነበር። ሲወጣም ቀዝቅዞ ስለሚወፍር ደህና ይመስላል። የቀጠነው መሐል ላይ ነው፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አሸዋው ባለበት። ከላይ ሆኖ ሁለቴ ቢለካ ሁለቴም ደህና ነው ይላል።

ምክንያቱን በቀላሉ ልጻፈው። የዛንታን ሞለኪውል እንደተገመደ ገመድ ነው። ተገምዶ እያለ ግትር ነው፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ አሸዋውን እንደ መረብ ይይዛል። ሲሞቅ ግን ግምዱ ይፈታል፣ ልፍስፍስ ይላል። ክሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ስለተሸከሙ ድሮም ይገፋፋሉ፤ ሙቀት ሲጨመርበት ለመፈታት ሰበብ አያጡም። ጨው ሲገባ ያ ግፊያ ይበርዳል። ግምዱ ለመፈታት ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያው ጄል፣ ያው መጠን፣ ግን 30 ግራም የገበታ ጨው ጨመርኩበት። 60 ዲግሪ፣ ያዘ። 75፣ ያዘ። 88 ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ አየሁት። ጥቂት ትልልቅ ፍሬዎች በጣት ውፍረት ያህል ዝቅ አሉ። ሌላው ባለበት ነው።

ለወንድሜ ሁለቱንም ቪዲዮ ላኩለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ጨው?»

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ፈነሉን ሠራሁት። መስኩ ላይ ጄል የሚለካው በማርሽ ፈነል ነው። ሃላን ማርሽ የሚባል መሐንዲስ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። 1.5 ሊትር ይሞላል፤ 946 ሚሊሊትር ፈስሶ እስኪያልቅ ያለው ሰከንድ ይቆጠራል። ንጹሕ ውሃ 26 ሰከንድ መስጠት አለበት። እኔ የዘይት ፈነል ገዝቼ ጫፉ ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ገጠምኩ፤ 26 እስኪመጣ ድረስ በሞረድ እየቀነስኩ አሳጠርኩት። አንድ ቀን ሙሉ ወሰደብኝ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ 26 ሲሰጠኝ ግን የተሰማኝ ደስታ ትልቅ ነው።

ጨው የሌለው ጄል ቀዝቃዛውን 62 ሰከንድ። ጨው ያለው 64። ማለትም በቀዝቃዛ አይለዩም። ሲሞቁ ጨው የሌለው 34፣ ጨው ያለው 49።

ግን ፈነሉን የመረመርኩት በሌላ ነገር ነው። በተልባ።

ሐሳቡ የእማዬ ነው። «ለሆድ ድርቀት የምትጠጣው እኮ ከዚህ የባሰ ይዝለገለጋል» አለች። እውነቷን ነው። ያልተቆላ ተልባ በውሃ ቀቅዬ አጠለልኩት። እንደ እንቁላል ነጩ የሚሳብ፣ የሚያምር ፈሳሽ ወጣ። ፈነሉ ላይ ልክ 62 ሰከንድ እስኪሰጥ አቀጠንኩት። ከዛንታኑ ጋር እኩል ማለት ነው። አሸዋ ጣልኩ። በ4 ደቂቃ ታች ደረሰ። ፈሳሹ ያዘገየዋል እንጂ አይይዘውም። ሳሞቀው 40 ሰከንድ ብቻ ሆነ። በማግስቱ ደግሞ ጎመዘዘ።

ፈነሉ ሁለቱን እኩል ናቸው አለኝ። አሸዋው አይደሉም አለ። ፈነል የሚለካው ፈሳሹ ሲሮጥ ያለውን ውፍረት ነው። እኛ የምንፈልገው ሲቆም የሚሆነውን ነው። ዛንታን ሲሮጥ ይቀጥናል፣ ሲቆም ይጠነክራል፤ ፓምፕ አያስቸግርም፣ አሸዋም አይለቅም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ተልባው ካልሆነ አብሽስ አልኩ። አብሽን የሚያስወፍረው ነገር ጓር ከሚባል የጥራጥሬ ፍሬ የሚገኘው የጓር ጋም ዘመድ ነው። ሁለቱም ማኖስና ጋላክቶስ ከሚባሉ ስኳሮች የተሠሩ ናቸው። ጓር ውስጥ ለአንድ ጋላክቶስ ሁለት ማኖስ አለ፤ አብሽ ውስጥ እኩል በእኩል ናቸው። ጓር በነዳጅ ሥራ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ በቦራክስ ሲታሰር እንደ ጄሊ ይረጋል። ታዲያ አብሹም በቦራክስ መታሰር አለበት።

ቦራክስ ወርቅ ሠሪ ጋ አይጠፋም፤ ለብየዳ ይጠቀሙበታል። ፒያሳ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። «ለምንህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አንድ ቁንጥጫ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «ሲሳካልህ መጥተህ ንገረኝ» ብቻ።

ሌሊቱን የተዘፈዘፈ አብሽ አጠለልኩ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፣ የቦራክስ ውሃ በጠብታ። በአምስተኛው ጠብታ ማንኪያው ቆመ። ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ሳነሳው ሁሉም ተያይዞ ተነሣ። አሸዋው ውስጡ ተሰቅሎ ቀረ። 85 ዲግሪ ሳደርሰው ግን ቀለጠ፤ አሸዋው ወረደ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ረጋ። የቦራክስ ማሰሪያ በሙቀት ይላላል፣ በቅዝቃዜ ይመለሳል። ይህም የዛንታኑን ዓይነት ክህደት ነው። ያው ሲቀዘቅዝ እውነት የሚመስል።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጉድጓዱ ቆመ። ፕሌክሲግላሱ ውጪ፣ ፒፒአሩ መሐል። ባልዲው ጣሪያው ላይ ነው፣ ከጉድጓዱ አፍ 2 ሜትር ከፍ ብሎ። ፓምፕ የለም፤ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በቫልቭ 10 ሊትር በደቂቃ ላይ አስተካከልኩ። ክፍተቱ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይሆናል። ታች 300 ግራም አሸዋ አለ።

በ85 ዲግሪ ጄል ከፈትኩት። ከደቂቃ በኋላ ቱቦው ወገቡ ላይ ጎበጠ። ፕሌክሲግላስ እዚህ ሙቀት ላይ ይለሰልሳል፤ ማወቅ ነበረብኝ። ቫልቩን ስዘጋ ጉልበቴ ላይ ትንሽ ፈሰሰብኝ። ጄል ሙቅ ሲሆን ከውሃ ይከፋል፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ አይወርድም። ሰው ይህን ሊሠራ ካሰበ ወፍራም ጓንትና ረጅም ሱሪ ግድ ነው።

ወርክሾፕ ያለው ጎረቤታችን ቱቦውን በሙቅ ውሃ አቃንቶ በየ30 ሴንቲሜትሩ እንጨት ደገፈልኝ። ከ65 ዲግሪ እንዳላልፍም አስጠነቀቀኝ። ይበቃኛል። በጣፋጭ ውሃ የተሠራው ጄል 65 ላይ ከከዳ ቆይቷል።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

ቀጥ ባለው ቱቦ ሦስት ፈሳሽ ሞከርኩ፤ ሁሉም 65 ዲግሪ። ውሃ፣ ጨው የሌለው ጄል፣ ጨው ያለው ጄል።

ሲፈስ ሦስቱም አሸዋውን ያነሣሉ። ውሃም ጭምር። ፍሬው በሰከንድ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ውሃው በ10 ይወጣል፤ በቀስታም ቢሆን ወደ ላይ ይሄዳል። ቪዲዮውን ብቻ ያየ ሰው ልዩነት የለም ይላል።

ከዚያ አሸዋው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ቫልቩን ዘጋሁ። 10 ደቂቃ። ውሃው ውስጥ ሁሉም በ20 ሰከንድ ተመልሶ ታች ተከመረ። ጨው የሌለው ጄል ውስጥ ቀስ እያለ ዘነበ፤ በ10ኛው ደቂቃ አብዛኛው ታች ነበር። የፒፒአሩን ጫፍ ቀብሮታል። ለመጎተት ሞከርኩ። 300 ግራም አሸዋ ብቻ ነው፣ ግን ክንዴን ፈተነኝ። ወንድሜ ጋ ቶን ነው።

ጨው ያለው ጄል ውስጥ አሸዋው እንደ ቡና አተላ ተንሳፍፎ ቆመ። ቫልቩን ስከፍት ካቆመበት ቀጠለ።

ማታ ደውዬ ነገርኩት። እሱም ሌላ ነገር ነገረኝ፦ ኬሚስታቸው በገበታ ጨው ፈንታ 3 ከመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ሐሳብ አቅርቧል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጨው ነው። ከአሸዋው ጋር ሸክላ ያለበት አለት ጣፋጭ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ፖታሲየም እብጠቱን ይይዘዋል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህ ይገባዋል። ክረምት ላይ አብጦ የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቀውን ጥቁር የመረሬ አፈር ያየ ሁሉ። ከጉድጓድ ታችም ያው ባህርይ ነው፣ ልዩነቱ አብጦ የሚዘጋው የነዳጁን መንገድ መሆኑ ነው።

ህዳር 13፣ ቅዳሜ

ትናንት ህዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲታጠን ስለዋለ ሰርቪስ ቤቱን በጭስ ምክንያት አልከፈትኩም። ዛሬ ሁለት ነገር ሠራሁ።

የመጀመሪያው ከ92 ዲግሪ በላይ መውጣት ነው። የእማዬን ፕሬዠር ኩከር ለመንኳት። እዚህ ከፍታ ላይ ውስጡ 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሦስት ጠርሙስ ጄል፣ ክዳናቸው ላላ ያለ፣ 4 ሰዓት። አንዱ ጨው የሌለው፣ አንዱ ጨው ያለው፣ ሦስተኛው ጨውና በሊትር 1 ግራም ሃይፖ ያለው። ሃይፖ የፎቶ ቤት ኬሚካል ነው፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት። ፒያሳ ፊልም ያጥቡ የነበሩ አንድ ባለ ፎቶ ቤት መደርደሪያቸው ላይ ቀርቷቸው ነበር። የገዛሁት በምክንያት ነው። እስካሁን ያየሁት ክህደት የሚመለስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ከ100 በላይ ግን ሌላ ይጨመራል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። የተበጠሰ ሲቀዘቅዝም አይመለስም። ሃይፖው ኦክሲጅኑን ቀድሞ ይቀበለዋል።

ሁሉንም አቀዝቅዤ በፈነል ለካሁ። መነሻቸው 63 አካባቢ ነበር። ጨው የሌለው 31። ጨው ያለው 47። ጨውና ሃይፖ ያለው 56።

ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ አየሩን ማስወጣትም ይረዳ ነበር፤ በሚቀጥለው። 130 ላይ ጨው ብቻውን ለብዙ ሰዓት ይበቃል ብዬ አልጽፍም። 150ን ለሚያልፉት፣ በሙያው በጣም ሞቃት ለሚባሉት ጉድጓዶች፣ ፎርሜት የሚባሉ ከባድ ጨዎች አሉ። ዛንታንን ከገበታ ጨው በላይ ያቆዩታል። ዋጋቸው ግን የዋዛ አይደለም፤ በተለይ ሲዚየም ከሚባለው ብረት የሚሠራው።

ሁለተኛው ሥራ ጄሉን ማፍረስ ነበር። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። አሸዋውን ያወጣ ጄል ራሱ አለቱ ውስጥ ከቀረ ጉድጓዱን ደፈነው ማለት ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ 10 ሴንቲሜትር አሸዋ ሞላሁበት። ግማሽ ሊትር ውሃ በአንድ ደቂቃ አለፈ። ጄሉ በግማሽ ሰዓት የቡና ሲኒ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ለአንድ ሊትር ጄል 20 ሚሊሊትር በረኪና ጨመርኩ። በሩን ከፍቼ፣ ምንም አሲድ አጠገቡ ሳላደርስ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጄሉ ውሃ ሆነ፤ አሸዋውን በ2 ደቂቃ አለፈ። ልብስ የምናነጣበት በረኪና ሰንሰለቱን እንዲህ ይቆራርጠዋል። መስኩ ላይም እንደ በረኪና ያለ ኦክሲዳይዘር ይጠቀማሉ፣ ሰዓቱን አስልተው። ቀድሞ ከፈረሰ አሸዋው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዘግይቶ ከፈረሰ ነዳጁ ይታገዳል።

ህዳር 20፣ ቅዳሜ

ወንድሜ አንድ ነገር ሳይነግረኝ ቆይቷል። ጉድጓዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አሸዋው ባለበት 50 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ከሁሉም ያስቸግራል ሲባል አንብቤ ነበር። ዛሬ ለምን እንደሆነ አየሁ።

ቱቦውን በ45 ዲግሪ አጋደምኩት። መጀመሪያ በቆመ ውሃ። ቀጥ ባለው ቱቦ አሸዋው 1.5 ሜትር መውረድ አለበት። ባጋደለው ግን እያንዳንዱ ፍሬ የሚወርደው ቢበዛ 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፣ እስከ ታችኛው ግድግዳ። እዚያ ይከመራል፣ ክምሩ በጅምላ ይንሸራተታል። ከላይ በኩል ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ በቀጭን መስመር ሽቅብ ይሮጣል። ቦይኮት የሚባል ሐኪም በ1920 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በደም አስተውሎት ነበር፤ የተጋደለ ብልቃጥ ውስጥ ደም ቶሎ ይዘቅጣል።

ፒፒአሩም በክብደቱ ታች ተኛ። ፈሳሹ ሰፊውን መንገድ መረጠ፣ ላይኛውን። አሸዋው ታች፣ ፈሳሹ ላይ። ጨው ያለው ጄሌ እንኳ በ2 ደቂቃ ያወጣው 110 ግራም ነው፤ አድርቄ መዘንኩት። እርጋታው ራሱ ጎዳው። ጄል በጸጥታ ይፈሳል፣ ክምሩን አይቆሰቁስም። ሙቅ ውሃ ብቻውን 70 ግራም። ውሃ ቀጭን ስለሆነ ይናወጣል፣ ክምሩን ይበትናል፤ ግን የበተነውን አይሸከምም።

ስለዚህ አቀናጀኋቸው። 10 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ወዲያው 10 ሊትር ጨው ያለው ጄል። ያን ጊዜ ሁሉ ፒፒአሩን በእጄ እያዞርኩ። ቱቦው ሲዞር ክምሩን ይፍቀዋል፣ አሸዋውን ወደ ፈሳሹ መንገድ ይወረውረዋል። ከላይ የሚወጣው ደፈረሰ፣ ከዚያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጭቃ ከበደ። 230 ግራም። ደገምኩት፣ 225።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የእነሱ ቱቦ የሚጠቀለል ዓይነት ስለሆነ አይዞርም። በምትኩ ጫፉ ላይ በጎን የሚረጭ አፈሙዝ አለ፤ ቱቦውንም ወደ ላይ እየጎተቱ መጥረግ ይችላሉ። ጄሉን ደግሞ ከመግፋታቸው በፊት ናሙናውን በ130 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 16 ሰዓት እያዞሩ ሊያቆዩት ነው፤ ከዚያም ሲቀዘቅዝ ሳይሆን እዚያው ሙቀት ላይ ሊለኩት። አለቃው እሺ ብሏል። ማክሰኞ ይጀምራሉ።

«ጋሼ፣ ቱቦው እንደተያዘ የቀረጽከውን ቪዲዮ እንደገና ላክልኝ፣ ለልጆቹ ላሳያቸው» አለኝ። ላክሁለት።

የእማዬን ፕሬዠር ኩከር አጥቤ መለስኩ። ነገ ፒያሳ ወርቅ ሠሪው ጋ እሄዳለሁ። ንገረኝ ብለውኝ ነበር።